ዕቃው ደርሷል፣ መረጃው ግን ገና ነው፦ የጂቡቲና የኢትዮጵያ መተላለፊያ ሌላኛው ፈተና

ሄሮን በጂቡቲ ከተማ ሰሜናዊ ጫፍ ባሕሩን ተደግፋ የምትገኝ፣ ቀድሞ ደሴት የነበረች ሰፈር ናት። ስሟ በፈረንሳይኛ የአንድ ረጅም እግር የውኃ ወፍ መጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ በአጭሩ ኮሜሳ፣ የመሪዎች ጉባኤውን በጂቡቲ ሲያካሂድ፣ በዚህች ሰፈር አዲስ የተገነባው ኬምፒንስኪ ሆቴል ለጉባኤው ደርሶ በሩን ከፈተ። በዚያን ዘመን ቀጠናዊ ትስስር ሲነሣ የሚወራው ስለ ታሪፍ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ጉምሩክ ኅብረት ነበር። አንዱ አገር የመዘገበውን ሌላው አገር እንዴት ያነበዋል የሚለው ጥያቄ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ተደርጎ ወደ ጎን ይተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል ብዙ ነገር ተሠርቷል። የዶራሌ የኮንቴይነር ተርሚናል ሥራ ጀምሯል፤ በ2017 የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ተመርቋል፤ ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የተዘረጋው ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ከ2018 መባቻ አንሥቶ የንግድ አገልግሎት እየሰጠ ነው። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዛሬም የሚያልፈው በዚሁ መተላለፊያ ነው። ብረቱ፣ ኮንክሪቱና ሐዲዱ ተገጣጥሟል። ያልተገጣጠመው ከዕቃው ጋር የሚጓዘው መረጃ ነው። ለዚህ አለመገጣጠም የሚከፈለው ሒሳብ ደግሞ በመጨረሻ በውጭ ምንዛሬ ይሰላል።

ሣጥኑ የተስማማበት፣ ወረቀቱ ያልተስማማበት

የመተላለፊያው ታሪክ በአንድ በኩል የመለኪያ ታሪክ ነው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው የጂቡቲ ባቡር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ዛሬ ሥራ ላይ ያለው መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዓለም በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ፉርጎና ሎኮሞቲቭ ከየትኛውም ትልቅ አምራች ማዘዝ ይቻላል። ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1968 የኮንቴይነሩን ልኬት ካጸደቀ በኋላ፣ ሻንጋይ ላይ የተጫነው ሣጥን ጂቡቲ ላይ በተመሳሳይ ክሬን ይነሣል፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይም በተመሳሳይ መቆለፊያ ይያዛል። ሾፌሩ የላኪውን ቋንቋ ማወቅ አይጠበቅበትም።

በሣጥኑ ግድግዳ ላይ የተጻፈው ቁጥርም የዚህ ስምምነት አካል ነው። አራት ፊደላትና ሰባት አሃዞች አሉት። የመጨረሻው አሃዝ ከፊተኞቹ ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው፤ ጸሐፊው አንዱን አሃዝ ቢያዛባ በአብዛኛው ስሌቱ እምቢ ይላል፣ ኮምፒውተሩም ስሕተቱን ወዲያው ይጠቁማል። የተሽከርካሪ ሻንሲ ቁጥርም በተመሳሳይ ጥንቃቄ የተቀረጸ ነው፤ 17 ፊደላትና አሃዞች ሲኖሩት፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አንዳንድ የላቲን ፊደላት ጨርሶ አይገቡበትም።

ከሣጥኑ ጋር የሚጓዙት ሌሎች ሰነዶች ግን ይህን ያህል ጥበቃ የላቸውም። አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ያዘዘው ዕቃ ጂቡቲ እስኪደርስ ድረስ መግለጫው ቢያንስ በኢንቮይሱ፣ በፓኪንግ ሊስቱ፣ በቢል ኦፍ ሎዲንጉና በመርከቡ ማኒፌስት ላይ ሰፍሯል። ጂቡቲ ሲደርስ በወደቡና በጂቡቲ ጉምሩክ መዝገብ ይገባል። ወደ ኢትዮጵያ ሲያቀና በትራንዚት ሰነድ ላይ ይሰፍራል፤ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በዲክላራሲዮኑ ላይ እንደገና ይመዘገባል። ያው አንድ ዕቃ ነው። መረጃው ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው በቀጥታ የማይተላለፍ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ደረጃ የሰው እጅ ይነካዋል፤ ትራንዚተሩ ከአንዱ ስክሪን አንብቦ ወደ ሌላው ይተይባል። በተየበ ቁጥርም የመሳሳት ዕድሉ ይጨምራል።

የስሕተቱ ውጤት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ይመስላል። በማኒፌስቱ 420 ካርቶን የተባለው በዲክላራሲዮኑ 402 ይሆናል። ዕቃው አልጠፋም፣ ማንም አልሰረቀም። ሆኖም ሁለቱ መዛግብት እስኪታረቁ ድረስ ሣጥኑ ወደብ ላይ ይቀመጣል፤ የማከማቻ ኪራይና ዲመሬጅ ይቆጥራል። ክፍያው በዶላር ነው። በአገሩ የዶላር ወረፋ ለሚጠብቅ አስመጪ አንድ ቀን ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ ወጪው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የመድኃኒቱ፣ የዘይቱ ወይም የመለዋወጫው ዋጋ ላይ ይጨመራል።

ከዲስክ የሚገኝ ትምህርት

ሁለት ሥርዓቶች እያንዳንዳቸው በደንብ እየሠሩ በመካከላቸው ጊዜ እንዴት ሊባክን እንደሚችል ለመረዳት የኮምፒውተር ማከማቻ ኢንዱስትሪ ከአሥራ አምስት ዓመታት በፊት የገጠመውን ችግር ማየት ይጠቅማል። ነገሩ የቴክኒክ ቢመስልም ለመረዳት አያስቸግርም።

ዲስክ መረጃ የሚያስቀምጠው ሴክተር በሚባሉ እኩል ክፍልፋዮች ነው። ለአሥርት ዓመታት የአንድ ሴክተር መጠን 512 ባይት ሆኖ ቆይቷል። ዲስኮች የሚይዙት መረጃ እየበዛ ሲሄድ ይህ ትንሽ መጠን ብክነት አመጣ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሴክተር የራሱን ድንበር ማመልከቻና የስሕተት ማረሚያ ይዞ ስለሚጓዝ ቦታ ይሻማል። ስለዚህ አምራቾቹ በጋራ ማኅበራቸው በኩል ተስማምተው፣ ከ2011 መጀመሪያ አንሥቶ ለላፕቶፕና ለዴስክቶፕ የሚያወጧቸው አዳዲስ ዲስኮች 4,096 ባይት ወዳለው ሴክተር እንዲሸጋገሩ አደረጉ። አንዱ አዲስ ሴክተር ስምንት የቀድሞ ሴክተሮችን ያህላል።

ዓለም ግን በአንድ ሌሊት አይቀየርም። በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት ፕሮግራሞች የሚያውቁት 512ን ብቻ ነበር። መፍትሔው ዲስኩ በውስጡ በ4,096 እየሠራ ወደ ውጭ ግን 512 እንደሆነ አድርጎ እንዲናገር ማድረግ ሆነ። በሌላ አነጋገር ዲስኩ ራሱ አስተርጓሚ ሆነ። አስተርጓሚው ሥራውን ሠርቷል፤ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች አዲሶቹን ዲስኮች ማንበብና መጻፍ ቻሉ።

ጣጣው የመጣው ከድንበር ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ ቢሮዎች ይሠራበት የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ የዲስኩን የመጀመሪያ ክፍል የሚጀምረው ከሴክተር ቁጥር 63 ነበር። ስልሳ ሦስት ለስምንት አይካፈልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ሙሉ ክፍል ጻፍኩ ሲል፣ ጽሑፉ በዲስኩ ላይ በሁለት ክፍሎች መካከል ተጋድሞ ያርፋል። ዲስኩም ሁለቱን አንብቦ፣ የሚለወጠውን ለውጦ፣ ሁለቱን መልሶ ለመጻፍ ይገደዳል። አንዱ ሥራ ሁለትና ሦስት ይሆናል። የስሕተት መልእክት የለም፤ የተሰበረ ነገርም የለም። ተጠቃሚው የሚያየው ኮምፒውተሩ መዝገሙን ብቻ ነው። በኋላ የመጡት የዊንዶውስ ትውልዶች መነሻውን ወደ ሴክተር 2,048 አዛወሩት፤ ይህ ለስምንት ይካፈላል፤ ችግሩም አበቃ። የተለወጠው የመነሻ ነጥቡ ብቻ ነበር።

የጂቡቲ መተላለፊያ ሕመም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የጂቡቲ ጉምሩክ ሥርዓት ይሠራል። የኢትዮጵያም ይሠራል። በመካከል ያለው ትራንዚተር የአስተርጓሚውን ሚና ተሸክሟል፤ መረጃው በአንደኛው ወገን የሚያልቅበት ድንበር ግን በሌላው ወገን ከሚጀምርበት ጋር አይገጥምም።

አንድ የነበሩ ሶፍትዌሮች

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያስቆጨው ሁለቱ ጎረቤቶች በአንድ ወቅት ከአንድ ቤተሰብ የወጣ ሶፍትዌር ተጠቃሚ የነበሩ መሆናቸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ ያዘጋጀው የጉምሩክ ሥርዓት በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም አሲኩዳ፣ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ደግሞ ሲዶኒያ ይባላል። ጂቡቲ በሲዶኒያ ትሠራለች። ኢትዮጵያ በአሲኩዳ ለዓመታት ከሠራች በኋላ ወደ ራሷ የኤሌክትሮኒክ ጉምሩክ አስተዳደር ሥርዓት ተሸጋግራለች፤ ከ2020 አንሥቶም ልዩ ልዩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ መግቢያ የሚያገናኘውን የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ ላይ አውላለች።

ይህ ውሳኔ በራሱ ስሕተት አልነበረም። አስመጪው ለፈቃድ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት መንከራተቱን ቀንሶለታል። ጂቡቲም በበኩሏ የወደብ ተዋንያንን የሚያገናኝ ሥርዓት አቋቁማለች። ሆኖም እያንዳንዱ አገር የውስጥ ቤቱን ሲያስተካክል የተጠቀመበት ልኬት የራሱ ነው። ሁለት የአንድ መስኮት አገልግሎቶች ቢኖሩም በመስኮቶቹ መካከል ግድግዳው እንዳለ ነው።

የሁለቱን ሥርዓቶች ማገናኘት በባለሥልጣናት ውይይት ሲነሣ ቆይቷል። በእንዲህ ዓይነት ውይይት ‘ማገናኘት’ የሚለው ቃል ብዙ ይሸፍናል። ገመድ መዘርጋት ማገናኘት ነው። የይለፍ ቃል መሰጣጠትም ማገናኘት ይባላል። ተናባቢነት ግን ከዚህ ያልፋል፤ ላኪው በአንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውን ትርጉም ተቀባዩ ሳይጠይቅ ያንኑ ትርጉም እንዲያገኝ ይጠይቃል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ አዲስ አይደለም። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የጋራ የመረጃ ሞዴል አለው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅትም መርከቦችና ወደቦች መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲለዋወጡ ከ2019 አንሥቶ አስገድዷል፤ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ይኸው በአንድ የባሕር መስኮት በኩል እንዲሆን ደንግጓል። ባሕሩ ላይ ያለው ግማሽ መንገድ ሕግ አለው ማለት ነው። የብሱ ላይ ያለው ግማሽ በሁለቱ ጎረቤቶች ስምምነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ቀን፣ ነጥብና ስም

የአለመገጣጠሙ ምንጭ ሁልጊዜ ሶፍትዌር አይደለም። አንዳንዱ ከሁለቱ አገሮች ታሪክና ባህል የሚነሣ ነው።

ለምሳሌ ቀንን እንውሰድ። 30/06/2017 ተብሎ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 30 ቀን 2017 ነው፤ በጎርጎሮሳውያኑ መጋቢት 9 ቀን 2025 ላይ ይውላል። የካሌንደሩ ዓይነት ካልተጻፈበት ግን የጂቡቲ ኮምፒውተር ያለ ምንም ተቃውሞ ሰኔ 30 ቀን 2017 ብሎ ይቀበለዋል። ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ነው፤ ማንቂያ ደወል ግን አይሰማም። ጳጉሜን ቢሆን ኖሮ 13ኛ ወር ስለማይታወቅ ኮምፒውተሩ ‘የለም’ ይል ነበር። እንዲያውም የሚሻለው እርሱ ነው፤ በግልጽ እምቢ የሚል ሥርዓት በዝምታ ከሚሳሳት ይመረጣል። የውጭ ንግድ ሰነዶች በአብዛኛው በጎርጎሮሳውያኑ ቀን ስለሚጻፉ ዋናው መስመር ከዚህ አደጋ ይጠበቃል። ከአገር ውስጥ የሚነሡ ፈቃዶች፣ ደብዳቤዎችና ውክልናዎች ግን በኢትዮጵያ ቀን ይጻፋሉ፤ እነርሱም የጭነቱ ጓዝ ናቸው።

ሕጎቹ ሳይቀሩ ሁለት ቀን ይሸከማሉ። በኢትዮጵያ የግል መረጃን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ በአማርኛ ቁጥሩ 1321/2016 ነው፤ በእንግሊዝኛ 1321/2024። ለኢትዮጵያዊ ጠበቃ ግልጽ ነው። ለማሽን ሁለት የተለያዩ አዋጆች ናቸው።

ሰዓትም አለ። ጂቡቲና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ሆኖም ጂቡቲ ከጠዋቱ 8 ሰዓት የምትለውን አዲስ አበባ 2 ሰዓት ትለዋለች። የጂቡቲ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብና ቅዳሜ ይዘጋሉ፤ የኢትዮጵያው ዕረፍት እሑድን ይዞ ነው። ሁለቱም ወገን ሙሉ ቀን ቢሮ የሚገኝባቸው ቀናት ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ብቻ ናቸው። ረቡዕ ከሰዓት የተነሣ ጥያቄ ሐሙስ ካልተመለሰ እስከ ሰኞ ሊያድር ይችላል፤ የወደቡ ሒሳብ ግን ቅዳሜን ከሰኞ አይለይም።

ቁጥሮችን የሚለይ ነጥብም እንዲሁ። ጂቡቲ በፈረንሳይኛ ልማድ የምትጽፍ አገር ናት፤ በዚያ ልማድ ኮማ ሙሉ ቁጥርን ከክፍልፋይ ይለያል። በኢትዮጵያ ኮማ ሺህን ከመቶ ይለያል። 12,500 ተብሎ የተጻፈ ክብደት ለአንዱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ ለሌላው አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው። ልምድ ያለው ሠራተኛ ከዕቃው ዓይነት ተነሥቶ ይገምታል። ኮምፒውተር አይገምትም፤ ካልተነገረው በቀር።

የሰው ስም ከሁሉም ያስገርማል። ኢትዮጵያውያንም ሆኑ ሶማሌና አፋር የሆኑት ጂቡቲያውያን በአብዛኛው የሚጠሩት በራሳቸው፣ በአባታቸውና በአያታቸው ስም ነው። ልማዱ አንድ ነው። የሚሞሉት ቅጽ ግን ከሌላ ዓለም የመጣ በመሆኑ ‘የቤተሰብ ስም’ የሚል ሣጥን ያቀርብላቸዋል። አንዱ ጸሐፊ የአባትን ስም እዚያ ያስገባል፣ ሌላው የአያትን። በዚህ ላይ የፊደል ልዩነት ይጨመራል፤ ‘ፀሐይ’ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ በሁለት ፊደል ይጀምረዋል፣ ሌላው በአንድ። በዚህ ምክንያት አንድ ነጋዴ በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በኢትዮጵያ እየተስፋፋ ያለው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለዚህ ዓይነቱ ችግር የተሻለ መልስ ናቸው፤ ቁጥር በየትኛውም ፊደል ያው ቁጥር ነውና።

የአማርኛ አንባቢ ይህን ዓይነት ጣጣ ከዚህ በፊት ያውቀዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በዲስኬት ተወስዶ ሌላ ቢሮ ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዲስኬቱ አልተበላሸም፤ እያንዳንዱ ባይት በቦታው ነበር። የጎደለው የጋራ ትርጉም ነበር። የጋራው ሠንጠረዥ ከመጣ በኋላ አማርኛ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከአገር ወደ አገር ያለ ችግር መጓዝ ቻለ። በአሮጌዎቹ አቀማመጦች የተጻፉና ያልተለወጡ ሰነዶች ግን ዛሬም በየቢሮው ካዝና ተኝተዋል።

ማን ያተርፋል፣ ማን ይሰጋል?

መፍትሔው የታወቀ ከሆነ ለምን ይዘገያል? መልሱ በከፊል ፖለቲካ ነው።

ለጂቡቲ ወደቡ የኢኮኖሚዋ ምሰሶ ነው፤ የወደቡ ዋና ደንበኛ ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። መረጃው ቢገጥም ዕቃ ቶሎ ይወጣል፣ ወደቡ ይበልጥ ተወዳዳሪ ይሆናል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ከአንድ ወደብ ጥገኝነት ለመላቀቅ ያላትን ፍላጎት አልደበቀችም። በ2024 መጀመሪያ ከሶማሊላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ቀጠናውን አናውጧል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባና ሞቃዲሾ በአንካራ መግለጫ ውጥረቱን ለማርገብ ተስማምተዋል። በመካከሉ ጂቡቲ የታጁራን ወደብ አስተዳደር ለኢትዮጵያ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኗን አስታውቃ ነበር። እንዲህ ባለ ወቅት መረጃን በምን ቅርጽ እንለዋወጥ የሚለው ጥያቄ የንግድ ድርድር መልክ ይይዛል።

በዚህ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ለሁለቱ ብቻ የሚሠራ ልዩ ማገናኛ መሥራት ነው። ፈጣን ነው፤ በወራት ሊዘረጋ ይችላል። ነገር ግን ለጂቡቲ ብቻ የተሰፋ ልብስ በርበራ ላይ ወይም ላሙ ላይ አይለበስም፤ ኢትዮጵያ አዲስ ወደብ በጀመረች ቁጥር ሥራውን ከዜሮ ትጀምራለች። ሁለተኛው በዓለም አቀፉ የጋራ ሞዴል ላይ መመሥረት ነው። ይህ ይከብዳል፣ የውስጥ መዛግብትን ማረም ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ ግን ለየትኛውም ወደብ ይሆናል።

ጂቡቲን ሊያሳስብ የሚችለውም ይኸው ነው። ክፍት ደረጃ ደንበኛን ያስደስታል፣ ለደንበኛው የመሄጃ በርም ይከፍታል። ሆኖም የዲስኩ ገበያ ያሳየው ሌላም ነገር አለ። ማንኛውም ዲስክ በማንኛውም ኮምፒውተር እንዲገጥም የሚያደርገው የጋራ ማገናኛ ገዢውን ከአንድ አምራች ነጻ አውጥቶታል፤ ቢሆንም ገዢው የሚመርጠው በዋጋና በጥራት ስለሆነ ጥሩ አምራች በዚያ አልከሰረም። ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት፣ ባቡሩና የወደቡ ጥልቀት ለጂቡቲ የማንም ሶፍትዌር የማይወስድባቸው ብልጫዎች ናቸው። በቅጽ አለመገጣጠም ደንበኛን ማቆየት ግን ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው የሚያዋጣ ስልት አይመስልም።

የውስጥ ጥቅምም አለ። መረጃ በድጋሚ በሚጻፍበት ቦታ ሁሉ ለመጻፉ፣ ለማረሙና ‘ለማፋጠኑ’ የሚከፈለው ሰው አለ። ብዙዎቹ ትራንዚተሮች ሐቀኛ ባለሙያዎች ናቸው፤ ያለ እነርሱ መተላለፊያው ከረጅም ጊዜ በፊት ይቆም ነበር። ሥርዓቶቹ ሲናበቡ ሥራቸው ከመተየብ ወደ ማማከር መቀየር ይኖርበታል፤ ለዚህ የሚያዘጋጃቸው ከሌለ ለውጡን ቢቃወሙ አይፈረድባቸውም።

ገመዱ አይደለም

ጂቡቲ በመረጃ ማስተላለፊያ መሠረተ ልማት ከቀጠናው ቀዳሚ መሆኗ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። እስያን፣ አውሮፓንና አፍሪካን የሚያገናኙ በርካታ የባሕር ሥር ገመዶች በባሕር ዳርቻዋ ይወጣሉ። ባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያም የዓለም አቀፍ ኢንተርኔቷን ጉልህ ክፍል በዚያ በኩል ታገኛለች። በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ሦስት ገመዶች ሲጎዱ፣ ጥርጣሬው በሁቲዎች የተመታችው ሩቢማር መርከብ ስትንሳፈፍ የጎተተችው መልሕቅ ላይ አረፈ፤ የቀጠናው መንግሥታትም የገመዱን ጉዳይ እንደ ደኅንነት ጉዳይ ማየት ጀመሩ። ተገቢ ነው። ሆኖም ገመዱ በተጠገነ ማግሥትም 12,500 ኪሎ ስንት እንደሆነ ገመዱ አይናገርም።

ሕጉም የራሱን ድንበር ያሰምራል። የኢትዮጵያው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰዎች መረጃ ከአገር ሲወጣ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ዲክላራሲዮን ደግሞ የነጋዴውን ስም፣ አድራሻና መለያ ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ ማገናኛው የትኛው መስክ ድንበር እንደሚሻገርና የትኛው እንደሚቀር አስቀድሞ መለየት አለበት። የወደቡ ሠራተኛ የሣጥኑን ክብደት ማወቅ ያስፈልገዋል፤ የባለቤቱን የባንክ ዝርዝር ማወቅ አያስፈልገውም። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የተቀበሉት የአህጉራዊው ነጻ የንግድ ቀጠና የዲጂታል ንግድ ፕሮቶኮል ለዚህ ዓይነቱ ውይይት የጋራ መነሻ ይሰጣል፤ ዝርዝሩን መሙላት ግን ለአገሮቹ የተተወ ነው።

ዝርዝሩ የሚፈተንበት ቀን ደግሞ ተቆርጧል። በዓለም ንግድ ዕቃዎች የሚመደቡበት የተጣጣመ የዕቃ ኮድ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በሁሉም አገር አንድ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን እያንዳንዱ አገር ለራሱ ታሪፍ ይጨምራል። ኮዱ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል። ቀጣዩ እትም ሥራ ላይ የሚውለው ጥር 1 ቀን 2028 ነው። አንዱ አገር በቀኑ ቢሸጋገርና ሌላው ቢዘገይ፣ ያው አንድ ዕቃ ጋላፊ ላይ ሲደርስ ኮዱ ሊቀየር ነው፤ በዚያ ሌሊት ባሕር ላይ ያሉት መርከቦች በአሮጌው ኮድ የተመዘገበ ጭነት ይዘው ይደርሳሉ። ሁለቱ ጉምሩኮች የአሮጌውንና የአዲሱን ኮድ ማዛመጃ ሠንጠረዥ አስቀድመው ካልተለዋወጡ ሥራው ተመልሶ በትራንዚተሩ ጣት ላይ ይወድቃል። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2020፣ ቅዳሜ ነው። የአዲስ አበባ አስመጪ ሱቁን ከፍቶ ይውላል፤ የጂቡቲ የመንግሥት ቢሮዎች ዝግ ናቸው።